«ከመወጣጫ ወደቀ»
የግንባታ መወጣጫ ደኅንነት ታሪክና የጤና ባለሙያው ድርሻ

መግቢያ

በትልልቅ ከተሞች ወደሚገኙ የድንገተኛ ሕክምና ክፍሎች ከሚደርሱ ጉዳተኞች መካከል በግንባታ ሥራ ላይ ሳሉ ከከፍታ የወደቁ ሠራተኞች ይገኙበታል። ጉዳተኛው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በሥራ ባልደረቦቹ ተደግፎ፣ ልብሱና ጸጉሩ በሲሚንቶ ብናኝ እንደ ተሸፈነ ነው። አጣዳፊው ሕክምና ተሰጥቶ ካርዱ በሚሞላበት ጊዜ ስለ ጉዳቱ መንስኤ የሚሰፍረው ቃል አጭር ነው፤ «ከፎቅ ወደቀ» ወይም «ከመወጣጫ ወደቀ» የሚል ነው።

ይህ አባባል ሐሰት የለበትም፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። «ወደቀ» የሚለው ግስ ድርጊቱን ለወደቀው ሰው ይሰጣል። ሠራተኛው የቆመበትን ጣውላ ማን እንደ ዘረጋው፣ በጎኑ መከታ እንደ ነበረውና እንዳልነበረው፣ መወጣጫው ከግድግዳው ጋር ታስሮ እንደ ነበረና እንዳልነበረ ከዚህ ቃል መረዳት አይቻልም። የግንባታ መወጣጫ ወይም በተለምዶ ስካፎልዲንግ የሚባለው መሣሪያ የደኅንነት ታሪክ በአመዛኙ ከዚህ አጭር ግስ በስተጀርባ ያለውን ነገር የመፈለግ ታሪክ ነው። አደጋው በመጀመሪያ የፈጣሪ ቁጣ፣ ቀጥሎ የሠራተኛው ጥፋት፣ ከዚያም የአሠሪው ኃላፊነት፣ በመጨረሻም ሊታወቅና ሊወገድ የሚችል ምክንያት ያለው የጤና ችግር ተደርጎ ታይቷል። ይህ ጽሑፍ ያንን ጉዞ በአጭሩ በመቃኘት ለጤና ባለሙያው የሚተወውን የሥራ ድርሻ ለማመልከት ይሞክራል።

በጥንት ሕግጋት

ስለ ሕንፃና ስለ ሰው ሕይወት የተጻፉ ሕግጋት ጥንታዊ ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዓመት የባቢሎን ንጉሥ የነበረው ሐሙራቢ ባወጣው ሕግ፣ አንድ ግንበኛ የሠራው ቤት ፈርሶ ባለቤቱን ቢገድል ግንበኛው በሞት እንዲቀጣ ተደንግጓል። ሕጉ ከባድ ነው፤ ይሁን እንጂ የሚጠብቀው የቤቱን ባለቤትና ቤተሰቡን እንጂ ቤቱ በሚሠራበት ጊዜ በግድግዳው ላይ የቆመውን ሰው አልነበረም።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ይበልጥ የሚታወቀው በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 ላይ የሚገኘው ትእዛዝ ነው። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ፣ ይህን ሳያደርግ ቀርቶ ሰው ከዚያ ቢወድቅ ግን የደም ዕዳ በቤቱ ላይ እንደሚሆን ይናገራል። ይህ ትእዛዝ ሁለት ነጥቦችን በአንድነት መያዙ ልብ ሊባል ይገባዋል። አንደኛ፣ ለመውደቅ አደጋ መፍትሔው የወደቀውን መገሠጽ ሳይሆን መከታ መሥራት መሆኑን ያመለክታል። ሁለተኛ፣ መከታውን የመሥራት ግዴታ የተጣለው በቤቱ ጌታ ላይ ነው። እነዚህ ሁለት ነጥቦች በዘመናዊው የሥራ ደኅንነት ሕግ ውስጥ ተመልሰው እስኪገኙ ድረስ እጅግ ብዙ ዘመናት አልፈዋል።

የካንተርበሪው ዋና ግንበኛ

ከመወጣጫ ላይ ስለ ደረሰ ውድቀት በዝርዝር ከተጻፉት የመካከለኛው ዘመን ታሪኮች አንዱ በእንግሊዝ አገር በካንተርበሪ ካቴድራል የደረሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1174 የካቴድራሉ አንድ ክፍል በእሳት በመቃጠሉ፣ የሳንስ ከተማ ሰው የሆነ ዊልያም የተባለ ፈረንሳዊ ዋና ግንበኛ ሥራውን እንዲመራ ተመረጠ። እ.ኤ.አ. በ1178 ትልቁን ቅስት ጣራ ለማዞር የሚያገለግለውን መሣሪያ በማዘጋጀት ላይ ሳለ ከእግሩ ሥር የነበሩት ወራጆች ተሰበሩና ድንጋይና እንጨት አብሮት እየወረደ 50 ጫማ ያህል፣ ማለትም ወደ 15 ሜትር ከሚጠጋ ከፍታ ወደቀ።

ታሪኩን የጻፈው ጀርቫስ የተባለው የዚያው ገዳም መነኩሴ ነው። በጽሑፉ እንደምንረዳው ዊልያም ወዲያው አልሞተም። ከአልጋው ሳይነሣ፣ አንድ መነኩሴ ትእዛዙን እያስተላለፈለት፣ ሥራውን ለተወሰነ ጊዜ መርቷል። ሐኪሞች በሞከሩት ሁሉ ሊሻለው ባለመቻሉ በመጨረሻ ሥራውን ለሌላ ዊልያም፣ ለእንግሊዛዊው፣ አስረክቦ ወደ አገሩ ተመልሷል። የዛሬ አንባቢ ከዚህ ገለጻ የጀርባ አጥንት ጉዳት ሊጠረጥር ይችል ይሆናል፤ ሆኖም መነኩሴው የጻፈው ይህን ለማረጋገጥ አያበቃም።

ለዚህ ጽሑፍ ቁም ነገሩ ግን ጀርቫስ ስለ መንስኤው የሰጠው ፍርድ ነው። ወራጆቹ መሰበራቸውን በዓይኑ እንዳየ ሰው አድርጎ ይመዘግባል፤ ከዚያም ከዋናው ግንበኛ በቀር የተጎዳ አለመኖሩን ካነሣ በኋላ፣ አደጋው በእርሱ ብቻ ላይ ያነጣጠረ የእግዚአብሔር በቀል ወይም የሰይጣን ቅናት መሆኑን ይናገራል። የተሰበረው እንጨት ተጽፏል፤ ነገር ግን እንደ ምክንያት አልተቆጠረም። ወራጁ ምን ያህል ሸክም መሸከም ይችል ነበር? ማን መረመረው? የሚሉት ጥያቄዎች በዚያ ዘመን አልተጠየቁም።

የራማዚኒ ጥያቄ

ሥራና በሽታ ግንኙነት እንዳላቸው በሥርዓት የጻፈው ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1700 በሞደና ከተማ ባሳተመው ስለ ሠራተኞች በሽታዎች በሚናገረው መጽሐፉ፣ ሐኪም ከጥንት ጀምሮ በሽተኛውን ሲጠይቃቸው በኖሩት ጥያቄዎች ላይ አንድ እንዲጨምር መክሯል። ይህም በሽተኛው የሚተዳደርበት ሥራ ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ነው። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ሕክምናን ከአልጋው ወደ ሥራው ቦታ አሻግሯል። በመወጣጫ አደጋ ረገድም የሐኪሙ ካርድ «ወደቀ» ከሚለው ቃል አልፎ እንዲሄድ መንገድ የከፈተው ይኸው ጥያቄ ነው ማለት ይቻላል።

የሠላሳ ጫማ ወሰን

በ19ኛው መቶ ዓመት ከተሞች በፍጥነት ሲያድጉና ሕንፃዎች ከፍ ከፍ ሲሉ የሠራተኞች ሞት የፍርድ ቤቶች ጉዳይ ሆነ። በእንግሊዝና በአሜሪካ የነበረው የዳኝነት አሠራር ግን ለጉዳተኛው የሚያደላ አልነበረም። ሠራተኛው አደጋውን እያወቀ ሥራውን እንደ ተቀበለ ይቆጠር ነበር፤ ጉዳቱ ከሥራ ባልደረባው ስሕተት የመጣ ከሆነ አሠሪው አይጠየቅም ነበር፤ ጉዳተኛው ራሱ በጥቂቱም ቢሆን ጥፋት ካለበት ካሣው ሊቀርበት ይችላል። ስለዚህ «ወደቀ» የሚለው ቃል በፍርድ ቤት «ራሱን ጣለ» ከማለት ብዙም የተለየ ትርጉም አልነበረውም።

ይህ አስተሳሰብ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሦስት አገሮች ተናጋ። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1884 በቢስማርክ ዘመን የሥራ አደጋ ኢንሹራንስ ሕግ በማውጣት ካሣን ከጥፋት ጥያቄ ለየች። የኒውዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1885 በተለይ ስለ መወጣጫ ሕግ አወጣ፤ ለሥራው የማይበቃ መወጣጫ ያቀረበ አሠሪም ተጠያቂ ሆነ። ይህ ሕግ ብዙ ጊዜ ተሻሽሎ በግዛቲቱ የሠራተኛ ሕግ ውስጥ እስከ ዛሬ ይገኛል፤ በአሠሪዎችና በሠራተኞች መካከልም አሁንም ድረስ ያከራክራል።

ሦስተኛው የእንግሊዝ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 የወጣው የሠራተኞች ካሣ ሕግ ጉዳተኛው የአሠሪውን ጥፋት ሳያስረዳ ካሣ እንዲያገኝ ፈቀደ። ሕንፃን በሚመለከት ግን አንድ ገደብ ነበረው፤ ሕንፃው ከ30 ጫማ፣ ማለትም ከ9 ሜትር ገደማ በላይ ከፍታ ያለውና በመወጣጫ አማካይነት የሚሠራ ወይም የሚጠገን መሆን ነበረበት። በዚህም የተነሣ «መወጣጫ ማለት ምን ማለት ነው?» የሚለው ጥያቄ የዳኞች ክርክር ሆነ። በ28 ጫማ ቤት ላይ ወድቆ የተሰበረ ሠራተኛ አጥንቱ በ31 ጫማ ቤት ላይ ከተሰበረው ባልደረባው የተለየ ባይሆንም ሕጉ ለየው። ገደቡ ተነሥቶ ካሣው ለአብዛኞቹ ሠራተኞች የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1906 በወጣው ሕግ ነው። የሕክምና ሰዎች ከዚህ የሚማሩት ነገር አለ፤ የሕግ ወሰንና የሰውነት ወሰን አንድ አይደሉም። ከሁለትና ከሦስት ሜትር የሚደርስ ውድቀትም ይገድላል።

ከእንጨት ወደ ብረት

መወጣጫ ለብዙ ሺህ ዓመታት የእንጨትና የገመድ ሥራ ነበር። ጥንካሬው የሚወሰነው በእንጨቱ ዓይነት፣ በአስተሳሰሩና ባሰረው ሰው ልምድ ነበር። ገመድ በዝናብ ይላላል፤ እንጨት በፀሐይ ይሰነጠቃል፤ በተደጋጋሚ የተመታ ሚስማር ጫፉን ያዳክመዋል። አንድ አጣና ከውጭ ሲታይ ጤነኛ መስሎ ውስጡ የተጎዳ ሊሆን ይችላል።

ለውጡ የመጣው በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር ነው። ፓልመር ጆንስ የተባሉት ቤተሰብ ከገመድ ይልቅ በብሎን የሚጠብቅ ማያያዣ ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1919 የወጣው ሁለገብ ማያያዣም የብረት ቱቦ መወጣጫን በሰፊው ለማሠራጨት ረዳ። የቱቦው መጠን ወጥ በመሆኑ የአንድን መወጣጫ የመሸከም ዐቅም አስቀድሞ ማስላት ተቻለ። መሐንዲሱ በልምድ ብቻ ሳይሆን በቁጥር ሊጠየቅ የሚችልበት ዘመን ተጀመረ።

ብረቱ ብቻውን ግን ማንንም አላዳነም። በብረትም ሆነ በእንጨት፣ ደኅና መወጣጫ የሚያሟላቸው ነገሮች ተመሳሳይ ናቸው። ቋሚዎቹ በጠንካራና በተስተካከለ መሬት ላይ ይቆማሉ፤ አግዳሚዎቹና ሰያፍ ማጠንከሪያዎቹ መወዛወዝን ይከለክላሉ፤ መዋቅሩ በየተወሰነ ርቀት ከሕንፃው ጋር ይታሰራል፤ የመቆሚያው ጣውላ ክፍተት ሳይኖረው ይነጠፋል። በጎኑም አንድ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው መከታ፣ መካከለኛ አግዳሚና መሣሪያ ወደ ታች እንዳይወድቅ የሚያግድ የእግር ጣውላ ይደረጋል። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል የሌሎቹ መኖር ላያድን ይችላል።

ወርቃማው በርና መረቡ

በሳንፍራንሲስኮ የሚገኘው የወርቃማው በር ድልድይ ሥራ እ.ኤ.አ. በጥር 1933 ተጀመረ። በዚያ ዘመን በትልልቅ ሥራዎች ላይ ለየአንድ ሚሊዮን ዶላር ወጪ አንድ ሰው ይሞታል የሚል የተለመደ ግምት ነበር። ዋናው መሐንዲስ ጆሴፍ ስትራውስ ይህን ግምት ላለመቀበል ሞከረ። ሠራተኞቹ ጠንካራ የራስ ቆብ እንዲያደርጉ ታዘዘ፤ ከድልድዩ ወለል በታችም ከ130,000 ዶላር በላይ የወጣበት መረብ ተዘረጋ። በመረቡ ላይ ወድቀው የተረፉት 19 ሠራተኞች «እስከ ሲኦል ግማሽ መንገድ ደርሰው የተመለሱ» የሚል የማኅበር ስም ለራሳቸው አወጡ።

ሥራው ሊጠናቀቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 17 ቀን 1937፣ ሠራተኞች ቆመውበት የነበረ ተንቀሳቃሽ መቆሚያ ተገንጥሎ ወደቀ። መቆሚያው በርካታ ቶን ይመዝን ነበር፤ መረቡ ግን የተሠራው ሰውን ለመያዝ እንጂ ይህን ያህል ክብደት ለመሸከም አልነበረም። መረቡ ተቀደደ፤ 10 ሠራተኞችም ሞቱ። እስከዚያ ቀን ድረስ በድልድዩ ሥራ ላይ የሞተው አንድ ሰው ብቻ ስለ ነበር በጠቅላላው የሟቾች ቁጥር 11 ሆነ።

ይህ ታሪክ ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል ሞት የማይቀር ወጪ ነው የሚለውን እምነት አፍርሷል፤ መረቡ ባይኖር የሟቾች ቁጥር በ19 ሊጨምር ይችል ነበር። በሌላ በኩል መረብ የመጨረሻው መከላከያ እንጂ የመጀመሪያው እንዳልሆነ አሳይቷል። መቆሚያው ራሱ ካልጸና የሚቀበለው መረብ በቂ አይሆንም። ይህ አስተሳሰብ ከብዙ ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው የእንግሊዝ የከፍታ ሥራ ደንብ ውስጥ በቅደም ተከተል ሰፍሯል። መጀመሪያ በከፍታ ላይ መሥራትን ማስቀረት፣ ካልተቻለ መውደቅን መከልከል፣ ይህም ካልተቻለ የውድቀቱን ርቀትና ጉዳት መቀነስ ይገባል።

በዚያው በ1937 ሰኔ ወር የዓለም ሥራ ድርጅት ስለ ሕንፃ ሥራ ደኅንነት የሚናገረውን ስምምነት ቁጥር 62 አጸደቀ። በመሰላል ወይም በሌላ መንገድ ያለ ሥጋት ሊሠራ ለማይችል ሥራ ሁሉ ተስማሚ መወጣጫ እንዲቀርብ፣ መወጣጫም ብቃት ባለው ኃላፊ ቁጥጥር ሥር እንጂ እንዲያው እንዳይተከልና እንዳይፈርስ ደነገገ። ይህ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው ስምምነት ቁጥር 167 ተተክቷል።

ጉልበት እንደ በሽታ አምጪ

የውድቀት አደጋ በሕክምና ሳይንስ ዓይን በጥልቀት የታየው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው። ሂዩ ደ ሄቨን የተባለው አሜሪካዊ ከ50 እስከ 150 ጫማ ከሚደርስ ከፍታ ወድቀው የተረፉ ሰዎችን ሁኔታ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1942 አሳተመ። ራሱም በወጣትነቱ ከአውሮፕላን አደጋ የተረፈ ሰው ነበር። የደረሰበት መደምደሚያ፣ የሰው አካል እጅግ ከፍተኛ ኃይልን ሊቋቋም የሚችለው ኃይሉ በጊዜና በስፋት ሲከፋፈልለት መሆኑ ነው። እንግዲህ የሚገድለው ከፍታው ብቻ ሳይሆን የማረፊያው ጥንካሬና የማቆሚያው ርቀት ማነስ ጭምር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1961 ጄምስ ጊብሰን፣ ከእርሱም በኋላ ሐኪሙ ዊልያም ሃደን ይህን ሐሳብ ወደፊት አራመዱት። ለወባ በሽታ ጥገኛ ተሕዋስ እንዳለ ሁሉ ለአካል ጉዳትም መንስኤው ወደ ሰውነት የሚተላለፍ ጉልበት ነው አሉ። በዚህ አመለካከት መሠረት ጉዳት ድንገተኛ ዕጣ ሳይሆን መንስኤ፣ ማስተላለፊያና መከላከያ ያለው በሽታ ሆነ።

የቁጥሩን ትርጉም ማየት ይጠቅማል። ከ3 ሜትር ከፍታ የወደቀ ሰው መሬት የሚደርሰው ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ነው፤ ፍጥነቱም በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከ10 ሜትር የወደቀ ደግሞ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት ከመሬት ይጋጫል። «ተጠንቀቅ» የሚል ማሳሰቢያ ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ማንንም ሊያድን አይችልም፤ ሊያድን የሚችለው አስቀድሞ የተሠራ መከታ ነው።

ያልጠነከረ ኮንክሪት

ዕውቀት መኖሩ ብቻውን እንደማይበቃ ሁለት አደጋዎች ይመሰክራሉ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 27 ቀን 1978 በአሜሪካ በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት በዊሎው አይላንድ በሚሠራ የኃይል ማመንጫ ማቀዝቀዣ ማማ ላይ መወጣጫው ተደርምሶ 51 ሠራተኞች ሞቱ። መወጣጫው ከመሬት የተነሣ አልነበረም፤ ማማው ራሱ ከፍ ባለ ቁጥር ከላዩ ጋር እየታሰረ የሚወጣ ነበር። የመንግሥት መርማሪዎች እንደ ደረሱበት፣ ከአንድ ቀን በፊት የተሞላው ኮንክሪት በቂ ጥንካሬ ሳያገኝ ሸክም ተጭኖበት ነበር።

ከ38 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 24 ቀን 2016፣ በቻይና በፌንግቼንግ ከተማ በሚሠራ ሌላ የማቀዝቀዣ ማማ ላይ የመሥሪያ መድረኩ ወድቆ ከ70 በላይ ሠራተኞች ሞቱ። እዚያም ኮንክሪቱ ሳይጠነክር ቅርጽ ማስያዣው መነሣቱ በምክንያትነት ተጠቅሷል። በሁለቱም ቦታ ከሞቱት ሠራተኞች መካከል አንዱም ኮንክሪቱ የሚጠነክርበትን ቀን የመወሰን ሥልጣን አልነበረውም። የሥራ መርሐ ግብር የያዘው ሰው አንድ ቀን ለማትረፍ ሲጣደፍ የሚከፈለው ዋጋ ከላይ በቆሙት ላይ ያርፋል። ስለዚህ የአደጋው መነሻ ከውድቀቱ ሰዓት ቀደም ብሎ፣ አንዳንዴም ከግንባታው ቦታ ርቆ፣ በጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ሊገኝ ይችላል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የግንባታ ሥራ ታሪክ ውስጥ ባህር ዛፍ ልዩ ቦታ አለው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ አገሪቱ የገባው ይህ ዛፍ ቶሎ በማደጉና ቀጥ ብሎ በመውጣቱ ለአዲስ አበባ ማገዶ፣ ለቤት ማገርና ምሰሶ፣ እንዲሁም ለግንባታ መወጣጫ ዋና እንጨት ሆነ። ጣሊያኖች ያመጡት ዘመናዊ የግንባታ ሥራ ደግሞ በሠራተኛው አፍ ላይ ቃላት ትቶ ሄዷል፤ ጣውላ፣ ፌሮና አርማታ ከዚያ የወረስናቸው ናቸው። ድንጋይና ሲሚንቶ ሁለት ሰዎች የሚሸከሙበት ባሬላም በጣሊያንኛ የበሽተኛ ቃሬዛ መጠሪያ ጭምር ነው። በሚስማርና በሽቦ የተያያዘ የአጣና መወጣጫ፣ ጎኑ ያለ መከታ፣ ወለሉ ሁለት ሦስት ጣውላ ብቻ ሆኖ መታየቱ በከተሞቻችን ለዓይን እንግዳ አይደለም።

የሕግ ታሪኩ ግን ባዶ አይደለም። ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 የፋብሪካዎች አዋጅ ወጥቷል። የሥራ ደኅንነትን፣ ጤንነትንና የሥራ አካባቢን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥር 155 እ.ኤ.አ. በ1991 ጸድቋል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የሠራተኞች መብት መሆኑን ደንግጓል። ተከታትለው የወጡት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጆች፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 42/1985፣ 377/1996 እና 1156/2011፣ አሠሪው የደኅንነት መጠበቂያ እንዲያቀርብ፣ አደጋን እንዲመዘግብና ለሥራ ተቆጣጣሪው እንዲያስታውቅ ያስገድዳሉ። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ መሆኑንም ይገልጻሉ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624ም ስለ ግንባታ ደኅንነት ድንጋጌዎች ይዟል።

ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በከተሞች የግንባታ ሥራ እጅግ ሲስፋፋ፣ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በየአካባቢው ሲነሡ፣ ከገጠር የመጡ ብዙ ወጣቶች ወንዶችና ሴቶች በቀን ሠራተኛነት ተሰማሩ። አብዛኛው የቀን ሠራተኛ የጽሑፍ ውል የለውም፤ ስሙ በሥራ መቆጣጠሪያው ደብተር ላይ ይኖር ይሆናል፣ ላይኖርም ይችላል። እንዲህ ያለው ሠራተኛ ሲወድቅ ሕጉ የሰጠውን ካሣ ለማግኘት በመጀመሪያ በሥራ ላይ ሳለ መጎዳቱን ማስረዳት አለበት። ምስክሮቹ ነገ ወደ ሌላ የግንባታ ቦታ ይሄዳሉ፤ መወጣጫውም ተነቅሎ በሌላ ይተካል። ሳይለወጥ የሚቀረው ጽሑፍ በሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ያለው ካርድ ነው።

የጤና ባለሙያው ድርሻ

የባለሙያው የመጀመሪያ ተግባር ጉዳተኛውን ማዳን መሆኑ አያከራክርም። ከከፍታ በእግሩ የወደቀ ሰው ተረከዙ ተሰብሮ ሲገኝ የወገብ አጥንቱም መመርመር አለበት፤ ተረከዛቸው ከተሰበረ ሰዎች ከአሥሩ በአንዱ ገደማ የወገብ አጥንት ጉዳት አብሮ ይገኛልና። የእጅ አንጓ፣ የዳሌና የጭንቅላት ጉዳትም በተጓዳኝ ይፈለጋል። ጉዳተኛውን በብብቱና በጉልበቱ ይዞ ማንሣት የተሰበረ የጀርባ አጥንት ኅብለ ሰረሰርን እንዲጎዳ ሊያደርግ ስለሚችል፣ በአቅራቢያ ያሉ የግንባታ ሠራተኞችን አንገትና ጀርባ ሳይታጠፍ በጣውላ ላይ አጋድሞ ማንሣትን ማስተማር የሕይወት ዋጋ አለው። የተሰበረ አካል በወጌሻ ጠብቆ ታስሮ የደም ዝውውሩ ከመቋረጡ በፊት ወደ ጤና ተቋም እንዲመጣ መምከርም እንዲሁ ነው። በደኅንነት ቀበቶ ተንጠልጥሎ የቀረ ሠራተኛ ደሙ በእግሩ ተከማችቶ ራሱን ሊስት ስለሚችል በፍጥነት መውረድ አለበት። ከወረደም በኋላ ተቀምጦ ይቆይ የሚለው የቀድሞ ምክር ማስረጃ ስላልተገኘለት፣ እንደ ማንኛውም ራሱን የሳተ ሰው ተጋድሞ ይታከማል።

ሁለተኛው ተግባር መመዝገብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዐሥረኛው የበሽታዎች ዝርዝር ከመወጣጫ ላይ ለሚደርስ ውድቀት የራሱን መለያ፣ «ደብልዩ 12»ን ሰጥቶታል። ከመሰላል መውደቅ «ደብልዩ 11»፣ ከሕንፃ መውደቅ «ደብልዩ 13» ነው። ካርዱ «ወደቀ» ብቻ ካለ ግን ጉዳዩ ምንነቱ ባልተገለጸ ውድቀት፣ በ«ደብልዩ 19» ሥር ይገባል። በዚያ ክፍል ውስጥ ከአልጋ የወደቁ አዛውንት፣ ከዛፍ የወደቀ እረኛና መከታ ከሌለው መወጣጫ የወደቀ ግንበኛ የሚለዩበት መንገድ አይኖርም። ያልተለየ ደግሞ አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረም በጀትና ተቆጣጣሪ አይመደብለትም።

ለዚህ የሚያስፈልጉት ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። ሥራው ምን ነበር? ከስንት ሜትር ወደቀ? የቆመበት ምን ነበር፣ መከታስ ነበረው? መወጣጫው ተሰበረ ወይስ ሰውየው ተንሸራተተ? ያረፈው በምን ላይ ነው? ቀኑና ሰዓቱ፣ የግንባታው ቦታስ የት ነው? መልሱ ከሁለት መስመር አይበልጥም፤ ለመጻፍም የሁለት ደቂቃ ጊዜ አይፈጅም። በኋላ የሕክምና ቦርድ የአካል ጉዳቱን መጠን ለመወሰን ሲቀመጥ ወይም ፍርድ ቤት ማስረጃ ሲጠይቅ፣ ለአንድ ቤተሰብ የዓመታት መተዳደሪያ በእነዚህ ሁለት መስመሮች ላይ ሊመሠረት ይችላል። ባለሙያው የሚጽፈው ያየውንና የተነገረውን ለይቶ እንጂ ፍርድ መስጠት የእርሱ ድርሻ አይደለም።

ሦስተኛው ተግባር ከደጅ ይጀምራል። ጤና ተቋማት ራሳቸው አዳዲስ ሕንፃ ያስገነባሉ። ባለሙያዎችና ሕሙማን በየቀኑ በመወጣጫ ሥር ያልፋሉ። በራሱ ግቢ የሚቆመው መወጣጫ መከታ እንዳለውና ከሥሩ የሚያልፈው መንገድ እንደ ተከለለ የማይጠይቅ የጤና ተቋም፣ ነገ የሚቀበለውን ጉዳተኛ ከራሱ ግቢ ሊያነሣ ይችላል።

ማጠቃለያ

የካንተርበሪው መነኩሴ የተሰበሩትን ወራጆች አይቶ ጽፏል፤ ምክንያቱን ግን ከሰማይ ፈለገ። ከዚያ ወዲህ ባለፉት ከ800 በላይ ዓመታት ሕግ፣ ምሕንድስናና ሕክምና ምክንያቱን ደረጃ በደረጃ ወደ ምድር አውርደውታል። ዛሬ ከመወጣጫ መውደቅ ለምን እንደሚደርስ፣ በምን እንደሚከለከል፣ ማንስ ኃላፊ እንደሆነ ይታወቃል። ሆኖም ጉዳተኛው ባሬላም ሆነ ቃሬዛ ባነሣው ቁጥር ይህ ዕውቀት እንደ አዲስ መጻፍ አለበት። ጀርቫስ የጻፈው መዝገብ ከስምንት መቶ ዓመታት በኋላም ስለሚነበብ ነው ዛሬ ስለዚያ ግንበኛ መናገር የሚቻለው። በሆስፒታል ካርድ ላይ «ከመወጣጫ ወደቀ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የሚጨመሩት ሁለት መስመሮችም ለጉዳተኛው የመብቱ ማስረጃ፣ ገና በመወጣጫው ላይ ለቆሙት ባልደረቦቹም መከታ ይሆናሉ።